ለእንግዳ የተቀመጠው በር

እናንተ ቤት ቡፌ አለ? ካለ፣ ይህን ከማንበባችሁ በፊት ሄዳችሁ በመስታወቱ አሻግራችሁ እዩት። ጠርዛቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች፣ አበባ የተሳለባቸው ሳህኖች፣ ምናልባትም እስከ ዛሬ ከካርቶኑ ያልወጣ ትሪ ታገኛላችሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ትናንት ማታ ውሃ የጠጣችሁበትን ዕቃ አስታውሱ። እኔ የምጠጣው ድሮ የኦቾሎኒ ቅቤ በነበረበት ጠርሙስ ነው።

«ያ የእንግዳ ነው» ትላለች እናቴ፣ እጄ ወደ ቡፌው ባዘነበለ ቁጥር። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ «አይ፣ አሁን ከቤት ጠጥቼ ነው የወጣሁት» ብሎ ሁለት ጊዜ ተለምኖ ይሄዳል። ብርጭቆዎቹ በዕድሜ ይበልጡኛል። በክብርም ይበልጡኛል፤ እኔን እኮ በየቀኑ ነው የሚልኩኝ።

ይህን ያነሳሁት እናቴን ለማማት አይደለም። (ትንሽ ለማማትም ነው።) ያነሳሁት ትምህርት ቤታችንም ቡፌ እንዳለው ካወቅሁ ጀምሮ ስለተናደድኩ፣ ንዴቱም እስከ ዛሬ ስላልበረደልኝ ነው። የአማርኛ መምህሬ «የተናደድሽበትን ነገር ጻፊው፣ ያምርብሻል» አለችኝ። ይኸው እንዲያምርብኝ እየጻፍኩ ነው።

የምማረው ቦሌ ቡልቡላ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ባንዱ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው። ስሙን አልናገርም፤ ትምህርቴን መጨረስ ነው የምፈልገው። አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ስለሚያልፍ የኛ መምህራን ጠመኔያቸውን አየር ላይ እንደያዙ ቆመው መጠበቅ ለምደዋል። ፓይለቱ አለፈ፣ ትምህርቱ ይቀጥላል።

ከጎኔ የምትቀመጠው ሀያት ናት። አባቷ ከወሎ መጥተው እዚህ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ልጃቸው ግን የምትቆርጠው ቁጥር ነው። በሂሳብ ከክፍሉ አንደኛ ነበረች። «ነበረች» የሚለው ላይ አስምሩልኝ፤ የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ እሱ ነው።

የሴቶች ሽንት ቤታችን በር አልነበረውም። ግድግዳ አለው፣ ጣሪያ አለው፣ «ንጽሕና ከራስ ይጀምራል» የሚል ጽሑፍም አለው። በሩ ብቻ የለም። ስለዚህ አንዷ ስትገባ ጓደኛዋ ሹራቧን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ ፊቷን አዙራ ትቆማለች። እኛ ለምደነዋል። ሀያት ግን «እኔ ሹራብ ጀርባ አልገባም» አለች፤ ሀያት ካለች አለች ነው። በእረፍት ሰዓት በአቅራቢያው ካለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ ወደ ቤቷ ትሮጣለች፣ ተመልሳ ስትመጣ ዘበኛው በሩን ዘግቶታል። (አያችሁ፣ የሚዘጋ በር ሞልቷል። የሚዘጋው ቦታው ላይ አይደለም እንጂ።) ከእረፍት ቀጥሎ ያለው አራተኛው ክፍለ ጊዜ ሂሳብ ነው። ሚኒስትሪ ፈተና እየመጣ ሀያት ሂሳብን በአጥር እያዳመጠች ነበር የምትማረው።

በዚህ መሀል በሂሳብ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች። እኔ ግን ሯጩ ሽንት ቤት ሲሄድ ሜዳሊያውን እንደወሰደ ሰው ነበር የሚሰማኝ።

ስለዚህ የተማሪዎች ተወካይ ሆኜ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ የሚሰበሰቡበት ኅብረት ውስጥ ስገባ ለራሴ አንድ ነገር ማልኩ፦ ሀያት አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ እንድትቀመጥ አደርጋለሁ። በር አስገጥማለሁ። ምን ይከብዳል? በር እኮ ነው።

የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የተማሪ ጥያቄ «ልዩ ልዩ» የሚባለው አጀንዳ ውስጥ ገባ። «ልዩ ልዩ» ማለት ሁሉም ሰው ኮቱን እየቆለፈ የሚሰማው አጀንዳ ነው። ተነስቼ «የሴቶች ሽንት ቤት በር የለውም» አልኩ።

ርዕሰ መምህራችን አቶ ግርማ በትዕግሥት ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ግን በጀት የሚመጣው ከወረዳ ነው።»

ከወረዳው የመጣው ኦፊሰር ስልኩን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ወረዳው የሚያወርደው ከላይ የወረደለትን ነው። በር የመሳሰለው ደግሞ በኅብረተሰብ ተሳትፎ ነው የሚሸፈነው።»

የኅብረቱ ሰብሳቢ አቶ ሳሙኤል ናቸው፤ የስልክ ዕቃ የሚሸጡ፣ ሳይባርኩ ዐረፍተ ነገር የማይዘጉ ወላጅ። «ኅብረተሰቡማ ተሳትፏል» አሉ። «ጌታ ይባርካቸውና ወላጆች አዋጥተው አምና በሩ ተገዝቷል።»

«ታዲያ የት አለ?» አልኩ።

አውሮፕላን አለፈ። ሁላችንም ጠበቅን። ሲያልፍ ከጥግ በኩል አንድ ድምፅ «በሩማ አለ» አለ። ጋሽ ታፈሰ ናቸው፣ የንብረት ክፍል ኃላፊው።

«የት?»

«ስቶር ነዋ።»

«ለምን አልተገጠመም?»

ጋሽ ታፈሰ፣ ምግብ መሬት ላይ ልድፋ ያልኳቸው ይመስል ደንግጠው አዩኝ። «ይበላሻላ።»

እዚህ ጋ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። «እንዴት ይበላሻል፣ ጋሼ?»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። ተማሪ በር ያገኘ እንደሆነ ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል። ይከፍተዋል፣ ይዘጋዋል።»

«በር እኮ ለዚያ ነው።»

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

ጉባኤው ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ለሳቸው ነው የነቀነቀው። ቀጥሎ አቶ ሳሙኤል በሩ እንዲህ በጥንቃቄ በመያዙ ንብረት ክፍሉ እንዲመሰገን ሐሳብ አቀረቡ፣ ተጨበጨበ። እኔም ሳላስበው አጨበጨብኩ። ጭብጨባ ይጋባል፣ እንደ ማዛጋት።

በማግስቱ ስቶር ሄጄ በዓይኔ አየሁት። ቡፌ ነው ያልኳችሁ በምክንያት ነው። በላስቲክ እንደተጠቀለለች የተቀመጠች ሉል አለች፤ ዓለም ተሸፋፍና። አየር ተነፍቶባቸው የማያውቁ ኳሶች አሉ። እኛ በሥዕል ብቻ የምናውቀው ማይክሮስኮፕ ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል። ከሁሉ ኋላ፣ ካርቶን ለብሶ፣ በሩ። ሰማያዊ የላሜራ በር ነው። መቀርቀሪያው ያብለጨልጫል። ሰው ነክቶት አያውቅም።

«ቆንጆ አይደል?» አሉኝ ጋሽ ታፈሰ። ሙሽራ የሚያሳዩኝ ነው የሚመስለው።

ልጮህባቸው ነበር የሄድኩት። ግን አንዴ አንድ ባልዲ ጠፍቶ ከደሞዛቸው እንደተቆረጠባቸው ነገሩኝ። «ሰው በተጠቀመበት ዕቃ ተጠያቂው እኔ ነኝ» አሉ። «ሰው ባልተጠቀመበት ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።» እንግዲህ ምን ይባላል? በሳቸው ቦታ ብሆን እኔም ተማሪዎቹን ራሳቸውን ካርቶን አልብሼ ስቶር አስገባቸው ነበር። ንዴቴ ያኔ ከሳቸው ወደ ሌላ ተሻገረ፤ ወደ ማን እንደሆነ ግን ላገኘው አልቻልኩም። አቶ ግርማ ጋ ስሄድ ወረዳ ነው፣ ወረዳ ጋ ስሄድ ላይ ነው፣ ላይ ደግሞ አውሮፕላን ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ኢንስፔክሽን መጣ።

ለማታውቁ፦ ኢንስፔክሽን ማለት ትምህርት ቤቱ ምን ያህል ደህና እንደሆነ ለማየት ከውጭ ሰው የሚላክበት ቀን ነው። ቀኑ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ግን ሰውየው የሚያየው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ሉሏ ከላስቲኳ ወጥታ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች። ኳሶቹ ተነፉ። የተሰባበሩት ዴስኮች ከየክፍሉ ተለቅመው የመምህራን ሽንት ቤት ውስጥ ተደረደሩና ተቆለፈባቸው። እኔንም አቶ ግርማ ጠርተው «የተማሪ ተወካይ ብለው ሊያናግሩሽ ይችላሉ፤ ደስተኞች ነን በይ፣ በቃ» አሉኝ። ስለ ምን ደስተኞች እንደሆንን አልነገሩኝም።

የዕለቱ ዕለት እረፍት ተደውሎ ስንወጣ ሀያት ክንዴን ያዘችኝ። «እይ።»

በሩ ተገጥሟል። ሰማያዊው። ፀሐይ መትቶት ያበራል። ሴት ተማሪዎች ራቅ ብለው ቆመው ያዩታል፤ የሚደፍረው ጠፋ። ሀያት ወደ ቤቷ ልትሮጥ ያዘጋጀችውን እግር መለሰች። «ዛሬ አልሄድም» አለች። «አንቺ ቅደሚና ሞክሪልኝ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሽንቴ አልመጣም ነበር። የገባሁት ልዘጋው ነው። ገባሁ፣ ገፋሁት፣ መቀርቀሪያውን ሳብ አደረግሁ፣ «ቋ» አለ። እንዴት ደስ እንደሚል። ማንም የማያየኝ ቦታ ቆሜ ለብቻዬ ሳቅሁ። ልክፈተውና እንደገና ልዝጋው ብዬ መቀርቀሪያውን መልሼ ሳብኩ።

እምቢ አለ።

ሰበቡን ቀና ብዬ ሳይ አገኘሁት። ጋሽ ታፈሰ በሩን የገጠሙት ለአንድ ቀን ነው፤ ማታ በቀላሉ ነቅለው ወደ ካርቶኑ እንዲመልሱት ማጠፊያውን ብሎን በማስገባት ፈንታ በሽቦ ነበር ያሰሩት። ስዘጋው ሽቦው ላላ፣ በሩ ወደ ታች ዘመመ፣ መቀርቀሪያው ቀዳዳው ውስጥ ተነክሶ ቀረ።

«ውጪ እንጂ፣ ሊደወል ነው» አለች ሀያት።

«አልከፈት አለኝ።»

«አትቀልጂ።»

«ወላሂ።» ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ከሀያት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ካደግሁ በኋላ ሌላ መሐላ አታምነኝም።

ሮጣ ጋሽ ታፈሰን ይዛ መጣች። እሳቸው እያለከለኩ ደርሰው የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «በሩ ምን ሆነ?» የሚል ነው።

«ውስጥ ናት እኮ» አለች ሀያት።

«እሷን አልጠየቅኩሽም።»

አቶ ግርማ መጡ፣ በሹክሹክታ እየተቆጡ። እንግዶቹ ቢሮ ሻይ እየጠጡ ነበር። አቶ ሳሙኤልም ተከትለው መጡ። ሽቦውን መፍታት ነው ተባለ፤ ሽቦው ያለው እኔ ጋ ነው፣ ፒንሳው ያለው እነሱ ጋ፣ በላይ በኩል ያለው ክፍተት ደግሞ ጣት እንጂ ፒንሳ አያሳልፍም። እንግዲህ ተገፍቶ ይሰበር ተባለ። ጋሽ ታፈሰ በሩ ፊት እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ፣ ጎል ጠባቂ ይመስል።

«ማንም እንዳይነካው። የኅብረቱ ንብረት ነው። ለመስበር ውሳኔ ያስፈልጋል።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ሳሙኤል። «ጌታ ይባርክህ ታፈሰ። አስቸኳይ ስብሰባ እንበለው። አባላት አለን?»

«እኔም አለሁ» አልኩ ከውስጥ።

«አንቺ ድምፅ የለሽም፣ ልጄ» አሉ አቶ ግርማ።

እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሽንት ቤት ውስጥ ተቆልፌ፣ ስለ እኔ መውጣት ሊወሰን፣ የሚሰማው ድምፄ ብቻ ሆኖ ሳለ ድምፅ የለሽም እባላለሁ? አጀንዳው ተያዘ። ሐሳብ ተሰጠበት። አንዱ በሩ ይሰበር ሲል ሌላው ለምን ቤተሰቧ አይጠራም አለ። ቤተሰቤ ምን ያደርጋል? እናቴ ብትመጣ ቆሻሻው ውስጥ በየትኛው ጫማ እንደገባሁ ነው የምትጠይቀኝ።

ክርክሩ ሞቅ ሲል የተረከዝ ድምፅ ሰማሁ። ኢንስፔክተሯ ናቸው።

«መጸዳጃ ቤት ፈልጌ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

አቶ ግርማ የመምህራኑን ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ዴስኮቹ ትዝ አሏቸው። «ይሄ... ለጊዜው ሰው አለበት።»

«እጠብቃለሁ።»

«ቶሎ ላትወጣ ትችላለች» አለች ሀያት።

ሴትየዋ ጠጋ ብለው አንኳኩ። «አንቺ፣ ማነሽ?»

«የተማሪዎች ተወካይ ነኝ።»

«እሰይ፣ አንቺንም ላነጋግርሽ ነበር።» የሥራ ሰው ናቸው፤ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ለሴት ተማሪዎች ምቹ መጸዳጃ ቤት አላችሁ?»

ደስተኞች ነን ልል ነበር። እውነት ልል ነበር፣ ተለማምጄዋለሁ። ግን እዚያ ቦታ ቆማችሁ፣ በዚያ ሽታ፣ እስቲ ደስተኞች ነን በሉ።

«ዛሬ አለን» አልኩ።

«ትናንትስ?»

በሩ ስለሚሸፍነኝ ይሁን አላውቅም፣ አፌ ብቻውን ሄደ። በሩ አምና እንደተገዛ፣ እንዳይበላሽ ስቶር እንደተቀመጠ፣ ማታ ተነቅሎ እንደሚመለስ፣ ሀያት በዚህ ምክንያት ሂሳብ እንደሚያመልጣት፣ ሚኒስትሪም እየመጣ እንደሆነ ሁሉንም ነገርኳቸው። አቶ ግርማ «በቂ መረጃ ስለሌላት ነው» አሉ። በቂ መረጃ? ውስጡ ነው ያለሁት እኮ።

ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። የነካቸው ንግግሬ መስሎኝ ኮራሁ። ኋላ ሀያት እንደነገረችኝ ግን እግራቸውን አጣምረው ነበር የቆሙት።

«ልጄ፣ ከበሩ ራቅ በይ» አሉ።

«ውሳኔ አልተሰጠም» አሉ ጋሽ ታፈሰ።

«እኔ ወስኛለሁ» አሉና አንድ ጊዜ በእግራቸው መቱት። ላሜራው ነጎድጓድ ሆነ። ሁለተኛ ሲደግሙት መቀርቀሪያው ታጥፎ ወለቀ፣ እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ፣ ብርሃን ገባ። በሩ ላይ በጫማቸው ልክ ስርጉድ ወጥቶበት ነበር፤ ፈገግ ያለ ጉንጭ ይመስላል።

እኔ ወጣሁ፣ እሳቸው ገቡ። ችግሩ ግን በሩ አሁን አይዘጋም። ሴትየዋ ከውስጥ አዩን፣ እኛም አየናቸው። ያኔ ሀያት ሹራቧን አወለቀች።

«አይዞዎት፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» አለች። ሁለት እጇን ዘርግታ ፊቷን አዞረች። ሰብሳቢው፣ ርዕሰ መምህሩ፣ ንብረት ክፍሉ፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ቀጥ ብለው ቆሙ። አውሮፕላን አለፈ። እንደዚያ ቀን አውሮፕላን አመስግኜ አላውቅም።

ሲወጡ ሀያትን ትከሻዋን ያዝ አድርገው አመሰገኗት። አሁን ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ወረቀታቸውን አውጥተው ለአቶ ግርማ «ቅጹ እዚህ የሚጠይቀኝ በር አለ ወይ ብሎ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰላችቷል። «አስተያየት የሚጻፍበት ክፍት ቦታ የለውም፤ አለ ወይም የለም ብቻ ነው። አለ ብዬ መጻፌ ነው።» ጻፉ። ትምህርት ቤታችን በዚያ ጥያቄ ሙሉ ነጥብ አገኘ። እሳቸው ራሳቸው ከሀያት ሹራብ ጀርባ ተቀምጠው ወጥተው። እኔ አሁንም ሌሊት ሲታወሰኝ ትራሴን እመታለሁ።

ግን ስሙኝ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ታፈሰ ካርቶናቸውን ይዘው በሩን ሊነቅሉ መጡ። ስርጉዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። የታጠፈውን መቀርቀሪያ አዩት። ካርቶኑን መሬት ላይ ጣሉና ቁጭ አሉ።

«ምነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ስቶር የሚገባ አዲስ ዕቃ ነው፣ ወይ ጨርሶ የተሰበረ። ይሄ አዲስም አይደለም፣ አልተሰበረምም።» በረጅሙ ተነፈሱ። «ይሄ እንግዲህ አገልግሎት ላይ የዋለ ነው። እዚሁ ይቅር።»

እዚሁ ይቅር። ወረዳው ያላለውን፣ ኅብረቱ ያልወሰነውን፣ ኢንስፔክሽኑ ያልጻፈውን አንድ ስርጉድ አስፈጸመው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ጋሽ ታፈሰ በማግስቱ መዶሻ ይዘው መጥተው መቀርቀሪያውን እየቀጠቀጡ አቃኑት፣ ለማጠፊያውም ብሎን አስገቡለት። እያፏጩ ነበር። የሚፈሩለት ነገር ስለቀረ ይመስለኛል። አሁን በሩን ትንሽ ወደ ላይ አንሳ አድርገሽ ስትገፊው ይዘጋል። ሁላችንም እናውቅበታለን።

ሀያት አራተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ተቀመጠች። መምህሩ ጥያቄውን ጽፈው ሳይጨርሱ መልሱን ተናገረች፤ እኔ ጣቴን እያነሳሁ ነበር። በሚቀጥለው ፈተና እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ። የተቆለፍኩት እኔ፣ የተከራከርኩት እኔ፣ አንደኛ የወጣችው እሷ። «በሩን ልንቀለው?» አልኳት። «ሞክሪ» አለችኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ልናጠና እኛ ቤት መጣች። እናቴ ሀያትን ስታይ በቀጥታ ወደ ቡፌው ሄዳ ባለወርቅ ጠርዙን ብርጭቆ አውጥታ በጭማቂ ሞላችላት። ሀያት እንደ ሌሎቹ እንግዶች «አልጠጣም» አላለችም፤ ግጥም አድርጋ ጠጣችው። ለእኔ በኦቾሎኒ ቅቤው ጠርሙስ ቀረበልኝ።

«ለኔስ በዚያ ቢሆን?» አልኩ።

«አንቺ እንግዳ ነሽ?» አለች እናቴ።

ሀያትን ሸኝቼ ስመለስ ዕቃ የማጠብ ተራው የኔ ነበር። ብርጭቆውን በደንብ አጠብኩት፣ አለቀለቅሁት፣ ወርቁ በብርሃን ሲያበራ አየሁት። ከዚያ ጠርዙን ከቧንቧው አፍ ጋር ቀስ አድርጌ፣ አንዴ ብቻ፣ አጋጨሁት።

እናቴ የተሸረፈችውን ቦታ በጣቷ ዳስሳ በረጅሙ ተነፈሰች። «በቃ፣ ይሄ እንግዲህ ለእንግዳ አይሆንም።»

ይህን እየጻፍኩ ውሃ የምጠጣው በሱ ነው።